በሞጣ የጠፋው የአያ ፈንታሁን ቃል

ይህን ስጽፍ ባለቤቴ የሺ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ከጎኔ ተቀምጣለች። ያጋነንኩት ነገር ካለ ልትሰርዝ ነው። እስካሁን የሰረዘችው ከጻፍኩት ይበዛል። ይቺንም ዓረፍተ ነገር ልትሰርዛት ስትል እጇን ይዤ ነው ያስቀረኋት። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በታች ያለው በሁለት ሰው ወንፊት ተነፍቶ የደረሳችሁ ነውና ሳትጠራጠሩ አንብቡት።

ይበልጣል እባላለሁ። አባቴ ስሙን ያወጣልኝ ጠባዬን ቀድሞ አይቶ ይመስለኛል። እኔ የማወራው በረዶ ከወረደው በረዶ ይበልጣል። እኔን ያባረረኝ ውሻ በወሬዬ ውስጥ ጅብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። ሁለት ፎቶ ቤት አለን፣ አንዱ ቢቸና፣ አንዱ ሞጣ። የቢቸናውን እኔ፣ የሞጣውን የሺ እንይዛለን። ትዳራችን ይህን ያህል ዘመን የጸናው በመካከላችን ደብረ ወርቅን የሚያህል አገር ስላለ ነው። (ይቺን ሰርዛት ነበር፤ መልሼ ጻፍኳት።)

ሰርግ እናነሳለን፣ ክርስትና እናነሳለን፣ ተዝካር እናነሳለን። ያነሳነው ሁሉ የሚቀመጠው ሞጣ፣ በሱቁ ጓዳ ባለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨር ይሉታል። እኔ ቢቸና ሆኜ ኤስኤስኤች በሚባል መንገድ እገባበታለሁ። እዚህ ትእዛዝ እጽፋለሁ፣ እዚያ ይፈጸማል። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። ድሮ ትእዛዞቹን በደብተር ገልብጬ እያየሁ ነበር የምጽፈው። አንዲት ነጥብ ከሳትኩ ማሽኑ እንደ ኩሩ አማት ዝም ይለኛል።

ባለፈው ዓመት የየሺ ወንድም ከአዲስ አበባ መጥቶ ከዚህ ገላገለኝ። ኤአይ ኤጀንት የሚሉትን ነገር ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። የምፈልገውን በአማርኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ለውጦ በኤስኤስኤች ሞጣ ገብቶ ይሠራዋል። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በፊት "ይህን ልፈጽም?" ብሎ በትሕትና ስለሚጠይቅ "አጋፋሪ" ብዬ ስም አወጣሁለት። ከጥያቄው ሥር ሦስት ምርጫ ያቀርብልኛል። "ፍቀድ"፣ "ከልክል"፣ "ሁሉንም ፍቀድ"። ጣቴ ከየትኛው ላይ እንዳረፈ ትደርሱበታላችሁ።

መጀመሪያ ግን ወደ 2014 ልመልሳችሁ።

በዚያ ዓመት ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የደም እርቅ ሆነ። ታከለ የሚባል ጎረምሳ በእርሻ ድንበር ጠብ የአያ ፈንታሁንን የበኩር ልጅ ገድሎ ታስሯል። ሁለቱ ቤተሰቦች ጎረቤት ናቸው፤ የአንዱ ዶሮ ከአንዱ ጓሮ የምትጭር። ሽማግሌ ገብቶ ከስንት ምልልስ በኋላ እርቁ ተቆረጠ። ያን ቀን የገዳዩ እናት፣ ዛሬ እማሆይ ጥሩወርቅ የምንላቸው፣ ድንጋይ ተሸክመው አጎንብሰው መጡና በአያ ፈንታሁን ፊት ተንበረከኩ። አያ ፈንታሁን ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረዱላቸውና ለተሰበሰበው ሰው "ይቅር ብያለሁ" አሉ። ሕዝቡ እልል አለ።

እኔ ካሜራ ይዤ ቆሜያለሁ። አያ ፈንታሁን ነጠላ ላይ ትንሿን ማይክ ሰክቼ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌያለሁ። በእልልታው መሐል አያ ፈንታሁን ወደ እማሆይ ጎንበስ ብለው በዝግታ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አልሰሙም። ስማቸው የሚባለው የሟች ታናሽ ወንድምም ከኋላ ስለነበር አልሰማም። የሰማነው እማሆይና እኔ ብቻ ነን።

ሲያልቅ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አያ መኮነን ጠሩኝ።

"ይበልጣል፣ ይህ ፊልም በሁለቱም ወገን እጅ አይገባም። አንዱ ሲያየው ይከፋዋል፣ አንዱ ሲያየው ይኮራበታል። ካንተ ዘንድ ይቀመጥ። አደራ ነው።"

"እሺ አያ።"

"አፍህም እንዲሁ። የተባለውን ፊልሙ ይናገር እንጂ አንተ እንዳትናገረው። አንተ ካወራኸውማ የሞተውን ልጅ አሥር ታደርገዋለህ።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አደራውን ሞጣ ወስጄ "2014" የሚል ማህደር ውስጥ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ የካቲት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት እማሆይ ጥሩወርቅ ቆባቸውን ደፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቢቸና ሱቄ ገቡ። አያ ፈንታሁን ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ታከለ ደግሞ ከእስር ወጥቷል።

"ልጄ ሞጣ ነው፣ እህቴ ዘንድ። ሦስት ሳምንት ሆነው" አሉኝ። "ወደ ቤቱ እንዳይገባ ስማቸው ከልክሏል። 'አባቴ ይቅር ያለው ቤተሰቡን ነው፣ ገዳዩን አይደለም። ከመጣ የሚሆነውን ያያል' ብሏል።"

"አያ ፈንታሁን የነገሩዎት ቃልስ?"

"ለሽማግሌ ተናግሬያለሁ። 'ታከለ ሲወጣ ወደ እናቱ ይግባ' ብለውኛል አልኩ። ስማቸው 'ፈጠራ ነው' አለ። አያ መኮነን 'ፊልሙ አለ አይደለም እንዴ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ተቀምጠን እናየዋለን' ብለው ነገሩን አሳደሩት።" ዓይናቸውን ላፕቶፑ ላይ ተክለው ቆዩ። "አለ አይደል ልጄ?"

"እማሆይ! እኔ ዘንድ የገባ ነገር? መንግሥተ ሰማያት እንኳን እንደዚህ አይጠብቅም!"

እግዚአብሔር በዚህች አነጋገሬ ሳይቆጣ አልቀረም።

ወንበር ሰጥቼያቸው ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፊልሙን ወደ ቢቸና ለማምጣት መጀመሪያ ሞጣ ላይ መጠኑን ማሳነስና ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ኔትወርካችን ትልቅ ፋይል ሲያዩ ከሚሞቱት ወገን ነው። አጋፋሪን አዘዝኩት። እሱም "ዲስኩ ሞልቷል፣ አዲስ ፋይል መፍጠር አልተቻለም" አለኝ። አዎ፣ የሺ ለወራት "ሞልቷል፣ አንድ ነገር አድርግ" ስትለኝ ነበር። አንድ ነገር ላድርግ አልኩና ጻፍኩ።

"ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸውን ማህደሮች ሰርዝና ቦታ ክፈት።"

በልቤ ከ2008 በፊት ያሉትን ሰርጎች ነው ያሰብኩት። ባለቤቶቹ ቅጂያቸውን ከወሰዱ ስንት ዘመናቸው፤ ግማሾቹ እንዲያውም ተፋተዋል።

አጋፋሪ ረጅም ነገር መጻፍ ጀመረ። እኔ ግን እማሆይን ማጫወት ይዣለሁ። "ይህ ማሽን እማሆይ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ሞጣ ላይ ወጥ ይሠራልኛል። ጨው አንሷል ካልኩት ይጨምራል" እላቸዋለሁ። እሳቸው ያማትባሉ። ማያ ገጹ ላይ "ልፈጽም?" የሚል መጣ፣ ፈቀድኩ። ሌላ "ልፈጽም?" መጣ፣ ፈቀድኩ። በሦስተኛው ወሬዬን አቋረጠኝና ተናደድኩ። "ሁሉንም ፍቀድ" የሚለውን ተጫንኩት።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "ተጠናቋል፤ በቂ ቦታ ተከፍቷል" አለ።

"እዩት!" አልኳቸው። "አሁን የ2014ን ክፈት።"

"2014 የሚል ማህደር የለም።"

ፈገግ አልኩ። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ያንኑ መለሰ።

"የት ሄደ?"

"በመመሪያዎ መሠረት ከአሥር ዓመት በላይ ካስቆጠሩት ጋር ተሰርዟል። ፋይሎቹ በሙሉ ባለፈው ዓመት ወደዚህ ዲስክ ስለተገለበጡ የተፈጠሩበት ቀን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ በማህደሮቹ ስም እንደምመራ ገልጬ ዝርዝሩን አቅርቤ ነበር።"

ወደ ላይ ተመልሼ አየሁ። እውነቱን ነው፤ አንድ በአንድ ደርድሮልኛል። 2013፣ 2014፣ 2015...

"ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ብዬ ጻፍኩለት።

"2026።"

"እኛ አገር 2018 ነው!!!" አሥራ አምስት ቃለ አጋኖ ነበር የጻፍኩት፤ የሺ ሦስት ይበቃል ብላ ነው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። የማህደሮቹ ስም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ ነበረብኝ" አለ።

ለእሱ 2014 አሥራ ሁለት ዓመት ያለፈው አሮጌ ዕቃ ነው። ለእኔ ትናንት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማህደር ስሰይም የት አገር አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ አለብኝ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እዚህ ሌላ አቆጣጠር የሚጠይቅ ሰው መቼ መጥቶ! ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይጠይቀኝ የነበረው እሱ መሆኑ ነው። ጠይቆኛል። "ዝም ብለህ ሥራ" ያልኩት እኔ ነኝ።

"መልሰው!" አልኩት።

"በዚህ መንገድ የተሰረዘ ፋይል በቀላሉ አይመለስም። ነገር ግን ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ባለሙያ ሊያወጣው ይችላል። ዲስኩ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ወዲያውኑ ልዝጋው?"

"ዝጋው! ዝጋው!"

"እየፈጸምኩ..." ሲል መብራት ጠፋ። ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ።

እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። "ምን ሆነህ ነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?"

አንባቢዎቼ፣ እኔ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። ያኔ የወጣችው ግን ከሁሉም አጭሯ ነበረች። "መብራት ነው እማሆይ" አልኩ። "መብራት ጠፍቶ ነው። ነገ ይደርሳል።"

እሳቸው መርቀውኝ ወጡ። ምርቃቱ እንደ ጥፊ ነበር።

ለየሺ ደወልኩ። "የደወሉላቸው ደንበኛ..." ደግሜ ደወልኩ። ሱቁን ቆለፍኩና እየደወልኩ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሰርቨሩ ይዘጋ አይዘጋ አላውቅም። መድረስና ገመዱን በእጄ መንቀል አለብኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አይሞላም። ወረድኩ። ሰው መጥራት ጀመርኩ፣ "ሞጣ! ሞጣ! የቀረው አንድ ሰው!" የቀረው ሰባት ነበር። ረዳቱ "ጋሼ፣ ከኛ ጋር ሥራ ይጀምሩ" አለኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ ቆምን። ሾፌሩ ምሳ በላ። ያ ሰው እንጀራውን እንደ ዳዊት ቃል በቃል ነበር የሚበላው። እኔ ከመኪናው ወደ ምግብ ቤቱ፣ ከምግብ ቤቱ ወደ መኪናው እመላለሳለሁ። ስልኬን አወጣለሁ፣ እከታለሁ። በልቤ ምክንያት አዘጋጃለሁ። መብራት ነው። ቫይረስ ነው። አይጥ ነው፣ አዎ፣ አይጥ ገመዱን በልቶት። አይጧን እያሳደግኳት ሄድኩ፤ ፈለገ ብርሃን ስንደርስ ድመት ታክላለች።

በመካከሉ ደግሞ የስማቸው ፊት ይመጣብኛል። "ከመጣ የሚሆነውን ያያል" ማለቱ። የሚሆነው ምን እንደሆነ እዚህ አገር ላደገ ሰው አይነገረውም። አንድ ሰው ይሞታል፣ ሌላው ይታሰራል፣ ሌላ እናት ድንጋይ ትሸከማለች። ያ ሁሉ አንዲት ቁልፍ ሳላነብ ስለተጫንኩ!

ሞጣ የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከሚኒባሱ ዘልዬ ባጃጅ ያዝኩ፣ ባጃጁ ዘገየብኝ፣ ወርጄ ሮጥኩ። ሱቁ ስገባ የሺ ከወንበሯ ተነስታ በደስታ ተቀበለችኝ። ይህ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ለካ ቁም ነገር ታውቃለህ! ስንት ወር ስለምንህ ከርሜ ዛሬ ቦታ ከፈትክልኝ። መብራት ሲመጣ አየሁትና የሦስት ሰርግ ጫንኩበት።"

"ሦስት?"

"ሦስት! አራተኛው እየገባ ነው።"

ጓዳ ገብቼ ገመዱን ነቀልኩት። ከግድግዳው ጋር ነው የነቀልኩት። (የሺ "ሶኬቱ ብቻ ነው የወጣው" ትላለች። ይሁንላት።) ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ሳትናገር ሰማችኝ፣ ይህም ከተጋባን የመጀመሪያዋ ነው።

"አንተ እኮ የሰው አደራ ነው የሰረዝከው" አለች መጨረሻ ላይ።

"ማሽኑ ነው..."

"ማሽኑን ያዘዘው ማነው?" በጣቷ ወደ ሱቁ በር አመለከተች። "ያንን ሰው አየኸው? በየቀኑ እየመጣ 'ፊልሙ ደህና ነው?' ብሎኝ ይሄዳል። ሂድና አንተ ንገረው።"

ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ተቀምጧል። ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። ታከለ ነው። በሩጫዬ መሐል አጠገቡ አልፌ አላየሁትም። ሁሉን ሰምቷል።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀልድ ፈለግሁ፣ ከአፌ አልወጣልኝም።

"እናቴ ደህና ናት?" አለኝ።

"ደህና ናቸው። ዛሬ ሱቅ መጥተው ነበር።"

"ትጾማለች አይደል? ትበላለች ግን?"

"ታከለ፣ ፊልሙ..."

"ሰማሁ" አለ። እጁን ሲያፍተለትል ቆየ። "አንተ ሰምተኸዋል አይደል፣ ያሉትን?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ነገ ሂድና ተናገር። ብቻ ጋሽ ይበልጣል፣ ለእኔ ብለህ አትጨምርበት። እኔ ሰው ገድያለሁ። በውሸት ከገባሁ ያ ቤት እንቅልፍ አይሰጠኝም።"

እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት የመጀመሪያው መኪና ላይ ነበርኩ። የሺ ዲስኩን በፎጣ ጠቅልላ በሌላ መኪና ወደ ወንድሟ ላከችው። ስትሰናበተኝ "እስቲ ዛሬን ብቻ እንደ ሰው አውራ" አለችኝ።

ቢቸና ደርሼ፣ ከዚያ በእግሬ ወጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። አምስት ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እማሆይ በአንድ ወገን፣ ስማቸው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሌላ ወገን። በመሐል ለላፕቶፑ የተዘጋጀች በርጩማ። ባዶ በርጩማ እንደዚያች አስፈርታኝ አታውቅም።

"ፊልሙን አስቀምጠው" አሉ አያ መኮነን።

አይጧ መጣችብኝ። ድመቷም። ከዚያ የታከለ እጅ ትዝ አለኝ።

"ፊልሙ የለም" አልኩ። "እኔ አጠፋሁት።"

አንድ አህያ ራቅ ብሎ ሲያናፋ እንኳን ማንም አልሳቀም።

"ማን ሰረቀው?" አሉ አያ መኮነን።

"አልተሰረቀም። ሞጣ ያለውን ኮምፒውተር ከዚህ ሆኖ የሚያዝ ማሽን አለኝ። አሮጌውን ጥረግ አልኩት። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ዘመን ነው። የኛን 2014 አሮጌ ነው ብሎ ጣለው። ከመጣሉ በፊት ጠይቆኝ ነበር። ወሬ ይዤ ሳላነብ ፍቀድ አልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

እማሆይ መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ።

ስማቸው ግን ተነሳ። "የሷ ሥራ ነው ይሄ! ትናንት ጠዋት ሱቁ ስትገባ ታይታለች። ዛሬ ፊልሙ የለም! ቢያዩት ውሸቷ ስለሚወጣ ነው።"

"ተቀመጥ ስማቸው" አሉ አያ መኮነን። ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ቀን ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ነበረህ። ፈንታሁን ያለውን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ማን ነው የሚመሰክረው? ይበልጣል?" ስማቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ባለፈው ክረምት መብረቅ ካሜራዬ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ተነሳ ያለው ይበልጣል? አባይ ስወርድ አዞ በስሜ ጠራኝ ያለው?"

እውነቱን ነው፣ ሁለቱንም ብያለሁ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ እያለኝ የኖርኩበት ወሬ ሁሉ ያን ቀን ተሰልፎ መሰከረብኝ።

አያ መኮነን ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። አንድ ቃል ብትጨምር ደም በአንገትህ ነው።"

ዓይኔን ጨፍኜ ማዳመጫውን በልቤ ጆሮዬ ላይ መልሼ አደረግሁ።

"ድንጋዩን አወረዱላቸው። 'ይቅር ብያለሁ' አሉ፣ ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሕዝቡ እልል ሲል ጎንበስ ብለው፣ እያለቀሱ፣ 'ታከለ ሲወጣ ወደ አንቺ ይግባ። ልጅ አጥቶ መኖር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ' አሏቸው።"

እማሆይ "ተመስገን" አሉ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሁሉም የሚፈልገው እስከዚያ ነው። የእማሆይ ፊት በርቷል። ስማቸው አንገቱን ደፍቷል። ግን የቀረ ነገር ነበረ። እማሆይም ለሽማግሌ ሲናገሩ አላነሱትም። አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች አገላበጥኩት።

"አላለቀም" አልኩ። "'ግን የልጄ እናት በሕይወት እስካለች በደጃችን እንዳያልፍ። ፊቱን ካየች ትሞትብኛለች። በላይኛው መንገድ ይዙር።' እንዲህ አሉ። ከዚያ ቀና አሉ።"

የእማሆይ ፊት ጠፋ፤ እንደ ትናንቱ መብራት ድርግም አለ። ላይኛው መንገድ ገደል የያዘ ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ውሃ ለመቅዳት፣ ገበያ ለመውረድ፣ ለመሳለም ጭምር ዙሪያ ጥምጥም ነው። እናት ልጇ በዚያ እየዞረ እንደ ሌባ እንዲኖር አትመኝም። ደብቀውት የነበረው ለዚያ ነው። "ለምን ልጄ?" አሉኝ በቀስታ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ናት።

ስማቸው ግን ቆሞ ቀረ። ዱላው ከእጁ ወድቋል።

"ላይኛው መንገድ አለ?" አለኝ።

"ላይኛው መንገድ ነው ያሉት።"

ወደ መሬት ተመለከተ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ መናገር ጀመረ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"አባቴ ታሞ በተኛበት ለኔ ብቻ ነግሮኛል። 'ያ ልጅ ሲመጣ በላይኛው መንገድ ይዙር፣ እናትህን እንዳይነካብኝ' ብሎኛል። እኔ ደበቅሁት። እንዲዞር የተባለ ሰው እንዲመጣ ተፈቅዶለታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ደበቅሁት።" ወደ እማሆይ ዞረ። "እርስዎም ደበቁት። እኔም ደበቅሁት።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ መኮነን ከድንጋዩ ላይ ተነሱና ዱላውን ከመሬት አንስተው ለስማቸው ሰጡት። ዱላ መልሰው የሰጡበት አሰጣጥ ከፍርድ ሁሉ የከበደ ነበር። "እንግዲህ ሟች ተናግሯል" አሉ። "ታከለ ይግባ። በላይኛው መንገድ ይዙር። ስማቸው፣ አንተ ራስህ ወጥተህ መንገዱን ታሳየዋለህ።"

ስማቸው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

በሳምንቱ ታከለ መጣ። ስማቸው ከላይኛው መንገድ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀው ይባላል። ሰላም ተባባሉ አልተባባሉ አላውቅም፣ አልነበርኩም። ባልነበርኩበት ነገር ላይ ማውራት ከተውኩ ጥቂት ጊዜ ሆኖኛል።

ይህ ሁሉ ምን ለወጠኝ? ማህደሮቼ ሁሉ አሁን በስያሜያቸው ላይ "ዓ.ም. በኢትዮጵያ" የሚል ጭራ አላቸው። ዲስኩ ሁለት ሆኗል። አጋፋሪን አላባረርኩትም፤ "ልፈጽም?" ሲል ግን መነጽሬን አጥልቄ፣ ሱቅ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝቼ፣ እንደ ወንጌል አነበዋለሁ። እናንተም በየስልካችሁ ሳታነቡ "እስማማለሁ" የምትሉ ሁሉ፣ ከተስማማችሁበት ነገር ሥር የማን ልጅ እንዳለ አታውቁም። ቀልዴን ግን አልተውኩም። አዞው አሁንም በስሜ ይጠራኛል። ብቻ አንድ ሰው "ምን ተባለ?" ብሎ ከልቡ ሲጠይቀኝ እጄ ወደ ጆሮዬ ይሄዳል፤ ማዳመጫው እዚያ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብጨርስ የሺ ደስ ይላት ነበር። የቀረ ነገር አለ።

ከሁለት ወር በኋላ የየሺ ወንድም ደወለ። ከዲስኩ ላይ ብጥስጣሽ ነገር አውጥቷል፤ አንዱ የእርቁ ፊልም ነው። ሙሉ አይደለም፣ ከድንጋዩ መውረድ እስከ መጨረሻው ድረስ ብቻ። ሲደርሰኝ በሩን ዘግቼ አየሁት። ቃሉ ሁሉ ልክ ነበር። ታከለ ይግባ፣ ላይኛው መንገድ፣ ሁሉም። አንድ ነገር ግን ልክ አልነበረም። "እያለቀሱ" ብዬ ነበር። አያ ፈንታሁን አላለቀሱም። ፊታቸው እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው፤ ዓይናቸው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። ልቅሶ ግን ይሰማል። ቅርብ ነው፣ ይንሰቀሰቃል፣ በተንሰቀሰቀ ቁጥር ሥዕሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

አያ መኮነን "አንድ ቃል ብትጨምር" ብለውኝ ነበር። አላረፍኩም። ላፕቶፑን ይዤ እርሻው ድረስ ወደ ስማቸው ሄድኩ።

"ስማቸው፣ ያን ቀን አንድ ቃል ጨምሬያለሁ" አልኩት። "አባትህ አላለቀሱም።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታውቃለህ?"

"አባቴ ወንድሜ ሲሞት እንኳን አላለቀሰም። 'እያለቀሱ' ስትል 'ይኸው፣ ዋሸ' ብዬ ልነሳ ነበር። ወዲያው ላይኛውን መንገድ አነሳህ።"

ፊልሙን ከፈትኩለት። አባቱን ዝም ብሎ አየ። ሲያልቅ እንድመልስለት ነገረኝ፣ መለስኩለት። ሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ታዲያ የሚያለቅሰው ማነው?"

"ካሜራው ነው" አልኩት።

ስማቸው ሲስቅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

የሺ እስከዚህ አንብባ እስክሪብቶዋን ከደነችው። ይቺን አልሰረዘቻትም።